የሚዛኑ ቁጥር ሥጋ ነው ወይስ ውኃ?
በሚዛን፣ በክንድ መለኪያና በአውራ ጣት ስለምናውቀው ነገር



ሕፃናት በሚመዘኑበት ቀን በሰልፉ ላይ ደጋግመን የምንሰማቸው ሁለት ንግግሮች አሉ። አንደኛው «ልጄ እኮ ኪሎ ጨምሯል፣ ፊቱም ሞልቷል፤ ታዲያ ለምን ይተኛ ትሉኛላችሁ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ልጇ ተኝቶ ከሚታከም እናት ይሰማል። «ስንገባ 8 ኪሎ ከ200 ነበር፤ በሳምንቱ 7 ኪሎ ከ300 ሆነ። እናንተ ዘንድ ከሳ እንጂ አልዳነም፣ ስጡኝና ልውጣ» ትላለች። ሁለቱም እናቶች ሚዛኑን በትክክል አንብበዋል። ያልተነገራቸው ነገር ቢኖር ቁጥሩ የምን ክብደት እንደሆነ ነው። የመጀመሪያው ልጅ የጨመረው ውኃ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ልጅ የቀነሰውም እንዲሁ ውኃ ሊሆን ይችላል። ይህ ባለመለየቱ መዳን የጀመረ ልጅ ከሕክምና ክፍል ተወስዶ በቤት ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በዚህ እትም ሚዛን ብቻውን የማይነግረንን ነገር በቀላል ልኬቶች እንዴት እንደምንገምተው እንመለከታለን።

ክብደት ከምን የተሠራ ነው?

ሚዛን ላይ የሚወጣ ሰው አጥንቱን፣ ጡንቻውን፣ ስቡንና ደሙን ሁሉ ይዞ ነው የሚወጣው። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ትልቁን ድርሻ የያዘው ውኃ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ከክብደቱ 75 ከመቶ ያህሉ ውኃ ነው። ዓመት ሲሞላው ይህ ወደ 60 ከመቶ ገደማ ይወርዳል። ጤነኛ ጎልማሳ ወንድም 60 ከመቶ ያህሉ፣ ሴት ደግሞ ከ50 እስከ 55 ከመቶ ያህሉ ውኃ ነው።

የወንድና የሴት ልዩነት የመጣው ከስብ ነው። ጡንቻ ሦስት አራተኛው ያህል ውኃ ሲሆን ስብ ግን የሚይዘው ውኃ አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። ቋንጣ የሰቀለች ሴት ይህን ያለ ትምህርት ታውቀዋለች። ብዙ ሥጋ ዘልዝላ ትሰቅላለች፤ ሲደርቅ የሚቀራት ጥቂት ነው። ጮማው ግን እምብዛም አይቀንስም። ሴት በተፈጥሮዋ ከወንድ የበለጠ ስብ ስላላት የውኃዋ ድርሻ ያነሰ ይሆናል። በዚሁ ምክንያት ከሲታ ሰው በመቶኛ ሲሰላ ከወፍራም ሰው የበለጠ ውኃ አለበት። ይህ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነው።

ውኃ ቸኳይ ነው፣ ሥጋ ዝግተኛ ነው

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ አንባቢ ካለ ይህን ይያዝልን። ክብደት በአንድ ሌሊት ወይም በሁለት ቀን በብዙ ከተለወጠ የተለወጠው ውኃ ነው። ሥጋና ስብ እንዲህ አይቸኩሉም። በጣም ተጎድቶ የነበረና አሁን በፕላምፒ ነት እያገገመ ያለ ልጅ ጥሩ እየጨመረ ነው የሚባለው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን 10 ግራም ያህል ሲጨምር ነው። 8 ኪሎ የሆነ ልጅ በቀን 80 ግራም፣ በሳምንት 560 ግራም ማለት ነው። ይህ ለልጅ እጅግ ፈጣን ዕድገት ነው። ስለዚህ ያለ ሕክምና በሦስት ቀን አንድ ኪሎ የጨመረ ልጅ ስታዩ ደስ አይበላችሁ፤ እግሩን እዩ።

በተቃራኒው መንገድ ደግሞ ተቅማጥ አለ። ትናንት 10 ኪሎ የነበረ የአንድ ዓመት ልጅ ሌሊቱን ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው አድሮ ጠዋት 9 ኪሎ ከ300 ሆነ እንበል። የጠፋው 700 ግራም ውኃ ነው፤ አንድ ኪሎ ውኃ አንድ ሊትር ስለሆነ 700 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ለአዋቂ ይህ ትልቅ ነገር አይደለም። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በገላው ውስጥ ከ35 ሊትር በላይ ውኃ አለውና 700 ሚሊ ሊትር ከሃምሳ አንድ እጅ ብቻ ነው። ሕፃኑ ግን ያለው ሁሉ 6 ሊትር ገደማ ነው። ከዚያ ላይ ከአሥር አንድ እጅ የሚበልጠውን በአንድ ሌሊት አጣ ማለት ነው። ሕፃን በተቅማጥ በቀን ውስጥ የሚደክመው፣ አዋቂ ግን በእግሩ ክሊኒክ የሚደርሰው ለዚህ ነው። (ኮሌራ ሲሆን ይህ ልዩነት ይጠፋል። ኮሌራ የያዘው አዋቂ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ብዙ ሊትር ሊያጣ ይችላል።)

በሕክምና መመሪያው ሰውነቱ በመጠኑ ደርቋል የሚባለው ልጅ ከክብደቱ ከ5 እስከ 10 ከመቶ ያህል ውኃ ያጣ ነው። የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስም ከዚሁ የተሰላ ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ 75 ሚሊ ሊትር፣ በ4 ሰዓት ውስጥ ጥቂት በጥቂት። ለምሳሌ ለዚህ 9 ኪሎ ከ300 ለሆነው ልጅ 75 በ9.3 ሲባዛ 700 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። የጠፋውን ያህል መመለስ ነው። ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ የ5ና የ10 አማካይ 7.5 ከመቶ ስለሆነ ነው። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ በማንኪያ ቀስ ብላችሁ ቀጥሉ፤ ጡት የሚጠባ ከሆነም አታቋርጡ።

ችግሩ የትናንቱን ክብደት የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። ለዚህ ነው ሰውነቱን የምናነበው። ዓይኑ ጎድጉዷል? ይቅበጠበጣል? ውኃ ሲያይ ይንሰፈሰፋል? የሆዱ ቆዳ በሁለት ጣት ተይዞ ሲለቀቅ ቶሎ ይመለሳል ወይስ እየዘገየ? ቆዳው ለመመለስ ከሁለት ሰከንድ በላይ ከወሰደ፣ ልጁ ከፈዘዘ ወይም መጠጣት ካቃተው ከ10 ከመቶ በላይ እንዳጣ ገምቱና በማንኪያ ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ክሊኒክ ሩጡ። እንዲህ ያለው ልጅ የሚድነው በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽ ነው።

ውኃ በማይገባው ቦታ ሲቀመጥ

አሁን ወደ መጀመሪያዋ እናት ንግግር እንምጣ። ፊት መሙላት በእኛ ዘንድ የጤንነት ምልክት ነው። «ሞላ አለ፣ አማረበት» እንላለን። ነገር ግን ምግብ የተጎዳ ልጅ አንዱ ዓይነት ጨርሶ አይከሳም፣ ያብጣል። ይህ በሽታ ክዋሽዮርኮር ይባላል። ስሙ የመጣው በጋና ከሚነገረው የጋ ቋንቋ ነው። ዶክተር ሲሲሊ ዊሊያምስ ያኔ ጎልድ ኮስት ይባል በነበረው አገር ስትሠራ የአካባቢው እናቶች የሚጠሩበትን ስም ወስዳ እ.ኤ.አ. በ1935 ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቀችው። ቃሉ ተከታይ ሲወለድ ከጡት የተገፋውን ልጅ በሽታ የሚያመለክት ነው። እናቶቹ በሽታውን ከሐኪሞቹ ቀድመው ለይተውት ነበር ማለት ነው።

በዚህ በሽታ ውኃው ከደም ሥር ወጥቶ በቆዳ ሥር ይጠራቀማል። ሚዛኑ ግን ውኃውን ከሥጋ ጋር ደምሮ ይመዝናል። ልጁ ከቁመቱ ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ ደህና ይመስላል፣ ጉንጩ ይሞላል፣ በልብሱ ውስጥ ግን ጡንቻው አልቋል። ይህን የሚይዘው መሣሪያ አውራ ጣት ነው። የሁለቱንም እግሮች የላይኛውን ገጽ በሁለት አውራ ጣት በአንድ ጊዜ ተጫኑ። «መቶ አንድ፣ መቶ ሁለት፣ መቶ ሦስት» ብላችሁ ቁጠሩና ልቀቁ። ጉድጓድ ከቀረና ከሁለቱም እግር ላይ ከሆነ እብጠት አለ። በአንድ እግር ብቻ ከሆነ ምግብ ሳይሆን እሾህ፣ ቁስል ወይም ሌላ ነገር ፈልጉ። በእግር ጀርባ ብቻ ሲሆን አንድ የመደመር ምልክት (+)፣ ወደ ቅልጥሙ ወይም ወደ እጁ ሲደርስ ሁለት (++)፣ ፊቱ ጭምር ሲያብጥ ሦስት (+++) ተብሎ ይጻፋል። በሁለት እግር ላይ እብጠት ያለበት ልጅ ሚዛኑም ሆነ የክንድ ክሩ ምንም ቢል በጣም እንደተጎዳ ይቆጠራል። እዚህ ላይ ክርክር የለም።

ለበጎ ፈቃደኞች አንድ ማሳሰቢያ አለን። በካርዱ ላይ ከክብደቱ አጠገብ የእብጠቱን ምልክት አብራችሁ ጻፉ። «8.2» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ካርድ ለሚቀጥለው ሠራተኛ ውሸት ይነግረዋል፤ «8.2 ++» የተባለው ግን እውነቱን ይነግረዋል። በሳምንቱ ልጁ 7.3 ሆኖ እግሩ ሲጫን የማይጎደጉድ ከሆነ የወጣው 900 ግራም ውኃ ነው፤ መውጣት የነበረበት ውኃ። ልጁ ያን ጊዜ እጅና እግሩ ቀጥኖ፣ የጎድን አጥንቱ ተቆጥሮ ይታያል። ይህ ያስደነግጣል። ነገር ግን ክሊኒኩ አላከሳውም። እውነተኛው ክብደቱ ገና አሁን መታየቱ ነው። ከዚያ በኋላ የምግብ ፍላጎቱ ይመለሳል፣ ሚዛኑም ቀስ እያለ በሥጋ ይጨምራል። በተኙበት የመጀመሪያ ቀናት የሚሰጠው ወተት ለማወፈር የታሰበ አይደለም፤ ሰውነቱ መሥራት እስኪጀምር የሚያቆይ ነው። እንዲያውም በእነዚህ ቀናት ኪሎው በድንገት ጨምሮ ትንፋሹ ከፈጠነ ነርሶቹ የሚሰጉት ያን ጊዜ ነው። ውኃው ልቡን እየከበደው ሊሆን ይችላልና ሌሊትም ቢሆን ተረኛውን ነርስ ቀስቅሱ።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ አደገኛ ነገር አለ። ከላይ የተጻፈው የ75 ሚሊ ሊትር ስሌት በጣም ለተጎዳ ልጅ፣ ማለትም ክንዱ ቀይ ላይ ለወደቀ ወይም ላበጠ ልጅ አይደለም። የከሳ ልጅ ስቡ ስላለቀ ቆዳው ውኃ ሳያጣም እየዘገየ ይመለሳል፤ ዓይኑም ሁልጊዜ የጎደጎደ ነው። ያበጠ ልጅ ደግሞ ውኃ ሞልቶበት ሳለ ሊጠማው ይችላል። ምልክቶቹ ሁሉ ያሳስታሉ። እንዲህ ያለ ልጅ ተቅማጥ ከያዘው ጡት እያጠባችሁ ወዲያውኑ ወደ ክሊኒክ አምጡት። በዚያ የተለየ ፈሳሽ፣ በተለየ መጠን፣ እየታየ ይሰጠዋል።

የክንድ ክር ምን ይለካል?

በየብሎኩ የምትይዙት ባለሦስት ቀለም ክር ታሪክ ያለው ነው። በናይጄሪያ የቢያፍራ ጦርነት ጊዜ (እ.ኤ.አ. 1967 – 1970) የኩዌከር ረድኤት ሠራተኞች ብዙ ሕፃናትን በፍጥነት ለመለየት የክንድን ዙሪያ ከቁመት ጋር የሚያነጻጽር ምልክት የተደረገበት በትር ይጠቀሙ ነበር። ዛሬ በእጃችሁ ያለው ክር የዚያ ሥራ ልጅ ነው። ከክላሹም ከችግሩም የተረፈ መሣሪያ ነው ልንል እንችላለን።

ክንድ ለምን ተመረጠ? በላይኛው ክንድ መካከል ያለው አንድ ቀጭን አጥንት፣ በዙሪያው ጡንቻ፣ ከዚያ ላይ ስስ የስብ ሽፋን ነው። ሰውነት ሲራብ የሚበላው ደግሞ ጡንቻንና ስብን ነው። ሌላው ጥቅሙ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት የክንድ ዙሪያ በጥቂቱ ብቻ ማደጉ ነው። በዚህ ምክንያት የተወለደበት ቀን ለማይታወቅ ልጅም አንድ ዓይነት መለኪያ ይሠራል። በስደት መንገድ ላይ ለተወለዱ ልጆች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከ6 እስከ 59 ወር ለሆኑ ልጆች ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ ከ11.5 እስከ 12.5 ቢጫ፣ 12.5ና ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። ድሮ ቀዩ የሚጀምረው ከ11.0 በታች ነበር። በ11.5 የተተካው የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት መግለጫ ነው። በሣጥን ሥር የተረሳ የቆየ ክር ካገኛችሁ መስመሩን አይታችሁ መልሱ፤ በአሮጌው ክር ቢጫ የሆነ ልጅ በአዲሱ ቀይ ሊሆን ይችላል።

«ከ14 ወደ 11 ቢወርድ ሦስት ሴንቲ ሜትር ነው፣ ምን አላት?» የሚል ሰው ያጋጥማል። የምንለካው ዙሪያውን እንጂ ውስጡን አይደለም። ክንዱን እንደ ዱባ ቆርጠን የተቆረጠውን ፊት ብንለካ 14 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ያለው ክንድ 15.6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። 11 ሴንቲ ሜትር የሆነው ደግሞ 9.6 ብቻ። ዙሪያው የቀነሰው ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ሲሆን ውስጡ ግን ከሦስት አንድ እጅ በላይ አልቋል። አጥንቱ ደግሞ አይቀንስም። ያለቀው ሁሉ ሥጋና ስብ ነው።

ስትለኩ ግራ ክንዱን ተጠቀሙ። እጁን ከክርኑ አጥፋችሁ ከትከሻው ጫፍ እስከ ክርኑ ጫፍ ያለውን ርቀት ለኩና መካከሉን ምልክት አድርጉ። ከዚያ እጁን ዘርጉት፤ ተንጠልጥሎ ይፍታታ። ክሩ ቆዳውን ይንካ እንጂ አያስጨንቅ። ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ይህ መጨረሻው ነው። ልጁ ሲያለቅስ ሠራተኛው ይቸኩላል፣ ክሩን ያጠብቃል፣ አረንጓዴው ቢጫ ይሆናል። በእጅጌ ላይ መለካትም አይፈቀድም። ልጁ እጁ ድረስ ካበጠ ደግሞ ክሩም እንደ ሚዛኑ ውኃን እንደ ሥጋ ይቆጥራልና አውራ ጣታችሁን አትርሱ። እናቶችም ይህን ልኬት መማር ይችላሉ። በኒጀር በተደረጉ ጥናቶች እናቶች የልጆቻቸውን ክንድ ራሳቸው ሲለኩ ከሠለጠኑ ሠራተኞች እምብዛም አልተለዩም። አንዲት እናት ልጇን በወር አንዴ ሳይሆን በፈለገችበት ቀን ልታየው ትችላለች።

ስቡንና ጡንቻውን ለይቶ ለማወቅ የሚፈልግ በክንዱ ጀርባ ያለውን የቆዳ እጥፋት በልዩ መቆንጠጫ ይለካና በ3.14 አባዝቶ ከክንዱ ዙሪያ ይቀንሳል። የሚቀረው የጡንቻው ዙሪያ ነው። መቆንጠጫው ግን በየጤና ኬላው አይገኝም፤ ለዕለት ሥራችንም የግድ አይደለም።

ስለ አዋቂዎች

ለአዋቂ የታወቀው ስሌት ክብደትን በኪሎ ይዞ ለቁመት በሜትር ሁለት ጊዜ ማካፈል ነው። ውጤቱ ከ18.5 ካነሰ ከስቷል፣ ከ16 ካነሰ ክፉኛ ተጎድቷል ይባላል። እንደ ካኩማ ባለ ካምፕ ግን ይህ ስሌት ሁሉንም እኩል አይዳኝም። ኢትዮጵያዊው፣ ሶማሌው፣ ኮንጎሌው፣ ዲንካውና ኑዌሩ በአንድ ሰልፍ ይቆማሉ፤ የሰውነታቸው አሠራር ግን አንድ አይደለም። የዲንካና የኑዌር ሰዎች እግር ከቁመታቸው ጋር ሲነጻጸር በጣም ረጅም ነው። እግር ደግሞ ቁመት ይጨምራል እንጂ እንደ ደረትና ሆድ ክብደት አይጨምርም። 1 ሜትር ከ85 ቁመትና 60 ኪሎ ክብደት ያለው ወጣት ስሌቱ 17.5 ይሰጠዋል፤ እሱ ግን ጠዋት ኳስ ተጫውቶ የመጣ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ሰው ክንዱንም ለኩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ከዚህ በፊት ስንት ነበርክ? ልብስህ ሰፍቶሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁልጊዜ ቀጭን የነበረ ሰውና በሁለት ወር 8 ኪሎ የቀነሰ ሰው በአንድ ቁጥር ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ሁለተኛው ሳል ካለው ለቲቢ መመርመር አለበት።

ነፍሰ ጡር ሴት ኪሎዋ ከፅንሱ፣ ከሽርት ውኃውና በገላዋ ከሚጨምረው ብዙ ሊትር ፈሳሽ ጋር ስለሚደመር በሚዛን መገመት ያስቸግራል። ለዚህ ነው ክንዷ የሚለካው። ብዙ ፕሮግራሞች 21 ሴንቲ ሜትርን፣ አንዳንዶች 23ን መነሻ ያደርጋሉ። በመጨረሻዎቹ ወራት ቁርጭምጭሚት ማበጥ የተለመደ ነው። ፊትና እጅ ሲያብጥ፣ ከራስ ምታት ወይም ከዓይን ብዥታ ጋር ሲሆን ግን የደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ትምጣ።

የአዋቂን የሰውነት ውኃ በሊትር መገመት ይቻላል ወይ ብለው የጠየቁን በጎ ፈቃደኞች አሉ። ይቻላል። ተመራማሪዎች ይህን የሚለኩት በርሜል ውስጥ ስንት ውኃ እንዳለ በጨው እንደማወቅ ባለ ዘዴ ነው። መጠኑ የታወቀ ጨው ጨምረህ አማስለህ ስትቀምስ ምን ያህል እንደቀጠነ አይተህ የውኃውን ብዛት ትደርስበታለህ። በሰው ላይም መለየት የሚቻል ንጥረ ነገር ይሰጥና ምን ያህል እንደቀጠነ በደሙ ይለካል። ዋትሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980 እንዲህ የተለኩ ከ700 በላይ አዋቂዎችን ውጤት ሰብስበው በዕድሜ፣ በቁመትና በክብደት ብቻ የሚሠራ ቀመር አወጡ። ለወንድ 2.447፣ ሲቀነስ ዕድሜ በ0.09156፣ ሲደመር ቁመት በሴንቲ ሜትር በ0.1074፣ ሲደመር ክብደት በ0.3362 ተባዝቶ ነው። ለሴት ዕድሜ አይገባም፤ ቁመት በ0.1069 እና ክብደት በ0.2466 ተባዝተው ይደመሩና 2.097 ይቀነሳል። የ35 ዓመት ወንድ 170 ሴንቲ ሜትርና 60 ኪሎ ቢሆን 37.7 ሊትር ይወጣል። 160 ሴንቲ ሜትርና 55 ኪሎ የሆነች ሴት ደግሞ 28.6 ሊትር። በኩላሊት እጥበት ክፍሎች ይህ ቀመር እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

እኛ ግን ለታመመ ሰው እንዳንጠቀምበት የሚያደርግ ምክንያት አለ። ያው ሰው በኮሌራ ሦስት ሊትር አጥቶ 57 ኪሎ ሆነ እንበል። እውነተኛው የቀረው ውኃ 34.7 ሊትር ነው። ቀመሩ ግን 36.7 ይላል። የጠፋውን ሦስት ኪሎ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ውኃ አድርጎ የቀረውን ሥጋና ስብ አድርጎ ስለሚቆጥር ነው። ቀመሩ የተሠራው ከተረጋጉ ሰዎች ነው፤ በአንድ ሌሊት የደረሰ ነገርን አያውቅም። ለዚያ የሚያገለግለው ቀላሉ መንገድ ነው፤ ከትናንቱ ክብደት የዛሬውን መቀነስ። በካርዳችሁ ላይ ጤነኛ ሳላችሁ የተመዘናችሁት ክብደት መጻፉ የሚጠቅመው ያኔ ነው።

ስለ አረጋውያን አንድ ነገር ቀርቶናል። ወገባቸው የጎበጠ ወይም ከአልጋ የማይነሱ እማማና አባባን አቁሞ ቁመት መለካት አይቻልም፣ ማስጨነቅም አይገባም። በዚህ ፈንታ አንድ ክንዳቸውን ወደ ጎን በትከሻቸው ልክ ዘርግተው በአንገት ሥር ካለው ጎድጓዳ ቦታ እስከ መካከለኛውና የቀለበት ጣት መገናኛ ድረስ በሴንቲ ሜትር ይለካል። ለሴት ይህን በ1.35 አባዝቶ 60.1 መደመር፣ ለወንድ በ1.40 አባዝቶ 57.8 መደመር ቁመቱን ይሰጣል። ልኬታቸው 74 የሆነ እናት ቁመታቸው 160 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው ማለት ነው። ለመለካት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ክንዳቸውን ከሥር ደግፎ ይይዛል፣ ሌላው ክሩን ይዘረጋል።